«ጭራቅ» ያላችሁት እንስሳ ስም አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ላይ ነው የምገዛው። አዟሪው ልጅ ያውቀኛል፣ ካረፈድኩ አንድ ያስቀርልኛል። ይህን የምላችሁ ደብዳቤዬን ከቤተኛ የመጣ ቅሬታ አድርጋችሁ እንድታዩልኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት የውጭ ወሬዎች ገጻችሁ ላይ አንድ ፎቶ አወጣችሁ። አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከመንጠቆው ላይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ቆዳው የተሸበሸበ፣ አራት እግርና ጭራ ያለው ነገር ተንጠልጥሏል። ከላይ በትልቁ «ከወንዝ የወጣው ጭራቅ» ብላችኋል። ከሥሩ ደግሞ መርዘኛ የውሃ እንሽላሊት እንደሆነ፣ ሰውየውም በድንጋይ ቀጥቅጦ እንደተገላገለው ጽፋችኋል። በቃ፣ አራት መስመር።

እነዚያን አራት መስመሮች አንብቤ ቁርሴን መጨረስ አቃተኝ። ያንን እንስሳ አውቀዋለሁ። በመንጠቆዬ ይዤዋለሁ። ድንጋይም አንስቼበታለሁ።

ፒትስበርግ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የማታ ተረኛ ነበርኩ። እዚያ ከተማ ሐበሻው እንደ ዋሽንግተን አይበዛም፣ ስለዚህ ያገኙትን ሰው አጥብቆ መያዝ ነው። እኔ የያዝኩት በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ሰው ነበር፣ ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ የዝዋይ ልጅ ነው፣ የዛሬዋ ባቱ። ከሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወጣ ነው ያደገው። አሜሪካም ሄዶ ከመንጠቆው አልተላቀቀም። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ዓሣ የማውቀው በሳህን ነበር። ዘንግ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ፈቃዳችንን በየዓመቱ እናወጣለን፣ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል፣ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንነዳና ፍሬንች ክሪክ የሚባል ወንዝ ዳር እንወርዳለን። ፍሬንች ክሪክ የአሌጌኒ ወንዝ ገባር ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ጉልበት ድረስ ገብታችሁ የእግራችሁን ጣት መቁጠር ትችላላችሁ።

የመስቀል ሰሞን ነበር። እዚያ ደግሞ ቅጠሉ መቅላት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጋሼ ባስ የሚሉትን ዓሣ ሁለት አውጥቶ እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ትል ሰክቼ መንጠቆዬን ወለሉ ድረስ ለቀቅኩት። ትንሽ ቆይቶ ክሩ ያዘ። ድንጋይ መሰለኝ። ሳብ ሳደርገው አይንቀሳቀስም። ልበጥሰው ስል ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ።

ዓሣ ሲይዝ ያውቃል ሰው፣ ይነጥቃል፣ ይሮጣል፣ ይንፈራገጣል። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ዝም ብሎ ይከብዳል፣ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ደግሞ ያርፋል። ቀስ እያልኩ ወደ ዳር አመጣሁት። ከውሃው ብቅ ሲል ክው ብዬ ቀረሁ።

ጭንቅላቱ የእጅ መዳፍ ያህል ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ መኪና የሄደበት ይመስላል። ዓይኖቹ የጤፍ ፍሬ ቢባሉ ይቀላል፣ ፈልጋችሁ ነው የምታገኟቸው። ከአንገቱ እስከ ጭራው ግራና ቀኝ ቆዳው እየተጣጠፈ ይርገበገባል፣ የታላቅ ወንድሙን ካፖርት ለብሶ የወጣ ሕፃን በሉት። የፊት እግሮቹ አራት አራት ጣት አላቸው፣ የኋላዎቹ አምስት አምስት። ጣቶቹ የልጅ ጣት ይመስላሉ። እሱ ነው በተለይ ያስደነገጠኝ። መላ ሰውነቱ በዝልግልግ ነገር ተሸፍኗል። ርዝመቱ ከክንዴ ይበልጥ ነበር።

ጋሼ «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። «ክሩን በጥሰው! ጋኔን ነው! እጅህን እንዳታስጠጋ!» ዝዋይ ያደገ ሰው ነው እንግዲህ፣ የውሃ ነገር አያስፈራውም። እሱ ሲፈራ እኔ ምን ልሁን? ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። እስከ ዛሬ የዚያ ድንጋይ ክብደት እጄ ላይ አለ። ሁለት ኪሎ ይሆናል፣ አንድ ጎኑ እርጥብ ነበር።

የዳነው በአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ከእኛ በታች ወንዙ መሃል ቆሞ ሲያጠምድ ነበር፣ እኛ ስንጮህ ሰምቶ ዞረ። ድንጋዬን ሲያይ እጁን እያውለበለበ ውሃውን እየቀደደ መጣ። ተቆጣኝ ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ቀስ፣ ቀስ» ነው ያለው። መጀመሪያ ሁለት እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። ደረቅ እጅ ቆዳውን ያቆስለዋል አለን። ከዚያ እንስሳውን ከውሃው ሳያወጣ በአንድ እጁ ከሆዱ ሥር ደገፈው። መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ነበር፣ በትንሽ ጉጠት አወጣው። ውጦት ቢሆን ኖሮ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጬ እለቀው ነበር፣ መጎተት ይገድለዋል አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ያዘው። ያ የተሸበሸበ ቆዳ በውሃው ውስጥ መወዛወዝ ጀመረ። «እየተነፈሰ ነው» አለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሄልቤንደር ይባላል። ሳላማንደር የሚባለው ዘር አባል ነው። ሳላማንደር ደግሞ እንሽላሊት አይደለም፣ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዘመድ ነው። ትምህርት ቤት እንቁራሪት አስተኔ ብለን የተማርነው ወገን። ቅርፊት የለውም። ሳንባ አለው ግን ለመተንፈስ እምብዛም አይጠቀምበትም፣ ውሃ ውስጥ ለመንሳፈፍና ለመስመጥ ነው የሚረዳው። አየር የሚወስደው በቆዳው ነው። ያ ሁሉ እጥፋት፣ እናንተ «የሚዘገንን» ያላችሁት፣ የቆዳውን ስፋት የሚጨምርለት ነው። ቆዳው በሰፋ ቁጥር ከውሃው ብዙ አየር ያገኛል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ፣ ፈጣን፣ ንጹህ ውሃ ካልሆነ መኖር የማይችለው። ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲደፈርስ አየሩ ያንሳል፣ እሱም ይታፈናል።

ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። አስጨንቀው ከያዙት ሊነክስ ይችላል፣ ድመትም ትነክሳለች። ምግቡ በዋናነት ክሬይፊሽ የሚባል ሸርጣን መሳይ የወንዝ ፍጥረት ነው። ቀን ቀን ከትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ይተኛል፣ ማታ ማታ ይወጣል። 30 ዓመት ያህል ሊኖር ይችላል። ረጅሙ 74 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያው በመስቀል ሰሞን፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ሴቷ ከድንጋይ ሥር እንቁላሏን ትጥልና ትሄዳለች። የሚቀረው አባትየው ነው። እንቁላሉን ከበላተኛ እየጠበቀ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ ንጹህ ውሃ እየላከላቸው፣ ከድንጋዩ ሥር ይከርማል። እኔ ድንጋይ ያነሳሁበት በዚያ ሰሞን ነበር። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። ወንድ ከነበረስ እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ።

ሽማግሌው ለቀቀው። እንደ ዓሣ ይወረወራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልዋኘም፣ ተራመደ። የወንዙን ወለል እየረገጠ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ እንደ አዛውንት ቀስ ብሎ ሄደ። የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ፣ ጭንቅላቱን ከሥሩ አስገባ። ከዚያ ሰውነቱ። መጨረሻ ላይ ጭራው ለትንሽ ጊዜ ውጭ ቀርታ ነበር፣ ሰበሰባት።

ጋሼ «ቅርፊት የለውም፣ እንደ አምባዛ ነው፣ ብናወጣውም አንበላው ነበር» አለ። ማጽናኛ መሆኑ ነው። መልስ አልሰጠሁትም።

ያ ፈረንጅ አመሻሽቶ አጠገባችን ተቀምጦ አወራን። በአባቱ ዘመን ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ሄልቤንደር ሲያገኝ ይገድል ነበር አለ። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ይጨርሳል፣ እንቁላሉን ይበላል፣ መርዝ ነው ይባል ነበር። ስሙን ራሱ ስሙት፣ ውስጡ ሲኦል የሚል ቃል አለበት። የጭቃ ሰይጣን ይሉታል፣ የሰይጣን ውሻ ይሉታል፣ የአሌጌኒ አዞ ይሉታል። ይህን ሁሉ ስም ያወጣለት ሰው አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚበላ አላየም። ስም ነው ያስገደለው። የእኛም ጋኔን ያው ነው፣ ጋሼ «ጋኔን» ሲል ነው እጄ ድንጋይ የፈለገው። የእናንተም «ጭራቅ» እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ሰው በዚህ ዘር ስም ሲሳሳት ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1726 ሾይሽዘር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ከድንጋይ ውስጥ የወጣ ትልቅ አጽም አገኘና በኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ የሰመጠ ሰው ነው ብሎ ጻፈ። «የጥፋት ውሃ ምስክር» አለው። ትልቅ ጭንቅላት፣ የጀርባ አጥንት፣ እጅ። አማኝ ሰው ስለነበረ ሲያየው እውነት መሰለው፣ አልፈርድበትም፣ እኔም በዚያ ዘመን ብሆን ተሳልሜው እሄድ ነበር። 85 ዓመት አለፈ። በ1811 ኩቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ አጽሙን ከድንጋዩ ፈልፍሎ የፊት እግሮቹን አወጣና ግዙፍ ሳላማንደር መሆኑን አሳየ። አጽሙ ዛሬም ሆላንድ ውስጥ ሃርለም ከተማ በሙዚየም አለ። የዚያ ዘር ዘመዶች አሁንም በሕይወት ያሉት በሦስት አካባቢ ብቻ ነው፤ ቻይና፣ ጃፓንና የአሜሪካ ምሥራቅ። የቻይናው እስከ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል፣ ከእኔ ይረዝማል። ሰው ለመብል እያሳደደው በዱር ሊያልቅ ተቃርቧል። ጃፓኖች ደግሞ የራሳቸውን ከ1952 ጀምሮ እንደ ብሔራዊ ቅርስ አድርገው በሕግ ይጠብቁታል።

የጃፓኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ኪዮቶ የምትባለው ከተማ መሃል ካሞ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ዋና ከተማ የነበረች፣ ቤተ መቅደስ በቤተ መቅደስ የሆነች፣ ሰው የበዛባት ከተማ ናት። በዚያ ወንዝ ውስጥ ግዙፍ ሳላማንደሮች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከቻይና ከመጣው ጋር የተዳቀሉ ናቸው፣ እሱ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ግን ይኖራሉ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ዳር ወጥተው የእግረኛ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከተማ መሃል! እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ ቀበና ነው።

ቀበና ነው ያደግኩት። ከድልድዩ በላይ። ልጅ ሆነን ወንዙ ውስጥ እንዋኝ ነበር ስል የዛሬ ልጆች ውሸታም ነው ይሉኛል። ድንጋይ እንገለብጥ ነበር። ከሥሩ ሸርጣን እናወጣለን፣ በክር አስረን እናስኬዳለን፣ ሲሞት እንጥለዋለን። ጉርጥ ካየን በድንጋይ ነው፣ ሽንቱን ከረጨባችሁ ኪንታሮት ያወጣል ይባል ነበር። እስስትንም እንደዚያው። ማንም ተው አላለንም። ጎረቤታችን እትዬ ብቻ፣ ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ ያዩንና «ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሱ፣ የእሱም ቤት ነው» ይሉን ነበር። ያኔ አልገባኝም። ፍሬንች ክሪክ ዳር ሽማግሌው «ድንጋይ አታንቀሳቅሱ፣ ልጆች ግድብ ለመሥራት ሲያንቀሳቅሱት ከሥሩ ያለውን ይጨፈልቁታል፣ እንቁላሉንም» ሲለን የእትዬ ድምፅ ነው የመጣብኝ።

እኛ አገር ሳላማንደር የለም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሙሉ የለም፣ ሞሮኮና አልጄሪያ በኩል ነው ያለው። አማርኛ ስም የሌለውም ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ተርጓሚያችሁ ቢቸገር አይገርመኝም። ግን ስም ሲጠፋ ጭራቅ ከማለት ሳላማንደር ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? አውቶቡስንም፣ ቴሌቪዥንንም፣ ኮሮናንም እንደዚያ ነው የጻፍነው። የራሳችን እንቁራሪቶች ግን አሉን፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ሌላ አገር የሌሉ ናቸው። ባሌ ተራራ ላይ ከዚያ ውጭ የትም የማይገኙ አሉ። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ እግር የሌለው፣ ትል የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ አለ፣ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ይህን የነገረኝ ጋዜጣ የለም። ፒትስበርግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ አገሬን እዚያ ሄጄ አነበብኳት።

ስለ ሄልቤንደር ደግሞ ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዜናው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ይገኛል። ኦዛርክ የሚባለው በሚዙሪና በአርካንሶ ያለው ወገን እ.ኤ.አ. በ2011 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ ገብቷል። በዚያው ዓመት የሴንት ልዊስ የእንስሳት ማቆያ ይህንኑ የኦዛርኩን ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ በማቆያ ውስጥ አስወለደ። ሌላው፣ እኔ ያየሁት፣ የምሥራቁ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤታቸው በዲሴምበር 2024 እሱም በሕግ እንዲጠበቅ ሐሳብ አቀረበ። ይኖርባቸው ነበር ተብለው ከሚታወቁ 626 ቦታዎች አሁን አለ ተብሎ የሚገመተው በ371ዱ ነው። ከእነዚያም ያልተናጋው የ45ቱ ብቻ ይመስላል። አርባ አምስት!

ምን ጨረሰው ቢባል ዓሣ አጥማጁ ብቻ አይደለም። ዋናው ደለል ነው። ዳር ላይ ያለው ዛፍ ሲቆረጥ፣ መንገድ ሲቆፈር፣ ማሳው እስከ ወንዙ አፍ ሲታረስ አፈሩ ይወርዳል። ደቃቁ አፈር ከድንጋዩ ሥር ያለውን ክፍተት ይሞላል። በር ይዘጋል ማለት ነው። ግድብም አለ፣ ውሃውን ያቆመዋል፣ ያሞቀዋል። የፋብሪካ ፍሳሽ አለ። የሚሸጡት ሌቦች አሉ። ቆዳን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታም አለ፣ በቆዳው ለሚተነፍስ ፍጥረት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እኔ ፔንሲልቬንያን የምወዳት በአንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሄልቤንደርን የግዛታቸው መለያ እንቁራሪት አስተኔ አድርገው በሕግ አጸደቁ። ይህንን ከፊት ሆነው የገፉት ተማሪዎች ናቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች። ስለ ንጹህ ውሃ ሲሠሩ ቆይተው ለምልክት የመረጡት ያንን አስቀያሚ የተባለውን ነው። ውሃው ከተበላሸ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ስለሆነ። ዜናውን ሳይ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር፣ ለጋሼ ደወልኩለት፣ ሁለታችንም ስልክ ላይ ዝም አልን።

የኛዎቹ ወንዞች ጉዳይ እዚህ ነው የሚገባው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ሁሉም ከእንጦጦ በኩል ነው የሚወርዱት፣ ከላይ ንጹህ ናቸው። መሃል ከተማ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም፣ አፍንጫ አለው። ሽንት ቤቱ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የፕላስቲኩ ሁሉ መሄጃ አድርገናቸዋል። ክረምት ሲሆን ቀዩ ጎርፍ ከላይ አፈር ይዞ ይመጣል፣ ያ አፈር ነው ሄልቤንደርን ቤት የሚነሳው፣ የእኛንም ሸርጣን። ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። አሁን የወንዝ ዳርቻው እየጸዳ፣ እየተነጠፈ፣ አበባ እየተተከለ ነው። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ማታ ማታ ወጥቼ እሄድበታለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ውሃው ውስጥ የሚኖረውም ይቆጠር። ስንት ሜትር መንገድ ተሠራ ስትሉ ስንት ቦታ ሸርጣን ታየ የሚልም አንድ መስመር ጻፉልን። ዳርቻው አምሮ ውሃው ውስጥ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ከሌለ፣ እኔ ወንዙ ዳነ አልልም።

የወንድሜ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጋዜጣችሁን አንስታ ፎቶውን አየችና «አጎቴ፣ ይሄ ይበላናል?» አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ከዚያ «እኛ ወንዝ ውስጥስ ምን አለ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ውሃው ገና ንጹህ ወደሆነበት ይዣት ወጣሁ። ድንጋይ ልገልብጥላት ስል እጄን ያዘችኝ። «ቤቱ ነው አላልክም?» ቁጭ ብለን ጠበቅን። ብዙ ቆየን፣ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ከአንዱ ድንጋይ ጎን መጀመሪያ አንድ ጥፍር ወጣ። ቀጥሎ ዓይኖቹ። ትንሽ ቡናማ ሸርጣን፣ የአምስት ሳንቲም ሁለቱን ያህላል። ጎን ለጎን ተራምዶ ቅጠል ያዘና ተመልሶ ገባ። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ ስታወራ ነው የተመለስነው።

እንግዲህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው እትማችሁ ማረሚያ አውጡ። አራት መስመር ስለሆነ ማረሚያውም አራት መስመር ይበቃዋል። ስሙን ጻፉ። እንሽላሊት አይደለም በሉ። ለሰው መርዝ የለውም በሉ። ሰውየው «ተገላገለው» የሚለውን ደግሞ ገደለው ብላችሁ አስተካክሉት፣ የሆነው እሱ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ይህን እንስሳ ይዞ መሄድም ሆነ መግደል በሕግ ክልክል መሆኑንም ብትጨምሩ ጥሩ ነው፣ ጋዜጣችሁን እዚያ ያለው ወገናችንም በስልኩ ስለሚያነበው።

እዚያ ሆናችሁ ዓሣ የምታጠምዱ ወንድሞችና እህቶች ካነበባችሁት ደግሞ፣ ከመንጠቆአችሁ ላይ ብታገኙት አትደንግጡ። ከውሃው አታውጡት፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ መንጠቆው በቀላሉ ካልወጣ ክሩን አሳጥራችሁ ቁረጡና በዚያው በያዛችሁበት ቦታ ልቀቁት። ፎቶ ካነሳችሁ ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ላኩት፣ የት የት እንዳለ የሚያውቁት በእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ጭምር ነው። ድንጋዩን አትንኩት።

ጋሼ አሁንም እዚያው ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ ግን ዘንጉን አልሰቀለም። ፎቶአችሁን በስልክ ላክኩለትና የጻፋችሁትን አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ሁለት አዲስ የመጡ ልጆች ይዤ። አንዱ ያቺ ምጣድ የምታህለው ድንጋይ ላይ ሊቆም ሲል ጮህኩበት፣ ልጁ ደነገጠ። ውረድ፣ ከሥርህ ሰው ተኝቷል አልኩት።»

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቀበና፣ አዲስ አበባ